ስልኬ «አባባ እየሰገዱ ነው» ያለኝ ቀን

ይህን ስጽፍ ፊቴ እየጋለ ነው። ገጠመኙን የሚጽፍ ሰው ብዙ ጊዜ ከሞት የተረፈበትን ወይም ያልጠበቀውን ደግ ሰው ያገኘበትን ቀን ያወራል። እኔ የማወራችሁ ያፈርኩበትን ቀን ነው። የሆነው አምና በዐቢይ ጾም ሲሆን፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚያውቁኝ ሰዎች ከእኔ ቀድመው አውርተውት ጨርሰዋል። እነሱ የሚያውቁት ግን ግማሹን ነው፤ ሌላውን ግማሽ እኔ ልጨምርበት።

ትዕግሥት እባላለሁ። ስሙን ያወጡልኝ አባቴ ናቸው፤ ጠባዬን አይተው ቢሆን ኖሮ ሌላ ስም ይፈልጉ ነበር። ደብረ ብርሃን በሚገኝ ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ሥራዬን ለአክስቶቼ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልተሳካልኝም፤ ለእናንተ ደግሞ ልሞክር። እኔ የምመራመረው ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ትዕዛዝ መጠበቁን ትቶ፣ በግድግዳው፣ በበሩና በእጅ ሰዓታችን ውስጥ ሆኖ፣ የት እንዳለንና ምን እያደረግን እንደሆነ ራሱ አውቆ እንዲያገለግለን ማድረግ ነው። ለዚህ መጀመሪያ ዓለሙን ለማሽኑ መንገር ያስፈልጋል። ይህ አልጋ ነው፤ እዚህ የተጋደመ ሰው ተኝቷል። ይህ ምድጃ ነው፤ እዚህ የቆመ ሰው ምግብ እየሠራ ነው። ይህ በር ነው፤ በዚህ ያለፈ ሰው ወጥቷል። ቤቱን፣ ዕቃውን፣ ሰዓቱን፣ የሰውየውን ልማድ አንድ በአንድ ትነግሩታላችሁ። ይህን ሞዴል እንለዋለን። ሞዴሉ ጥሩ ሲሆን ማሽኑ ሰውየውን አወቀው እንላለን። እንዲህ ብዬ ተማሪዎች ፊት ስናገር ራሴን በጣም እወደው ነበር።

ለሙከራ የመረጥኩት ቤት የአባቴን ነው። አባቴ ቄስ ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አንኮበር ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። አቅማቸው ደክሞ ማገልገሉን ለወጣቶቹ ካህናት ቢተዉም ቅዳሴ ግን አንድም ቀን አይቀሩም። «ደብረ ብርሃን ከእኔ ጋር ይኑሩ» ብዬ ስንት ጊዜ ለምኛቸዋለሁ። «ቤተ ክርስቲያኔን ትቼ የት እሄዳለሁ?» ይሉኛል፤ እኔም ተቆጥቼ እመለሳለሁ።

ከአባቴ ጋር በአጥር የሚዋሰኑት ጋሽ ሙሔ ናቸው። ሸማኔ ናቸው፤ ሙስሊም ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ከአባቴ ዕድሜ ብዙ አይርቅም። እናቴ ከሞተች ጀምሮ በየጠዋቱ አጥሩ ጋ ቆመው «ቄሴ! እንዴት አደሩ?» ይላሉ። አባቴ ከውስጥ «እግዚአብሔር ይመስገን! አንተስ ሙሔ?» ሲሏቸው «አልሐምዱሊላህ!» ብለው ወደ ሽመናቸው ይመለሳሉ። መልስ ካላገኙ ገብተው ያያሉ። ነገሩ ይኸው ነበር።

እኔና የሥራ ባልደረባዬ ደሳለኝ ከገና በኋላ አንኮበር ሄደን ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ለካነው። በየክፍሉ የሰው እንቅስቃሴ የሚያነቡ ትናንሽ ሴንሰሮች ለጠፍን። ካሜራ ልሰቅል ስል አባባ «የልብሴን መቀየር ሳይቀር ልታዪ ነው?» ብለው ከለከሉኝ። የእጅ ሰዓቱን ግን እሺ አሉ። እጃቸው ላይ ሳስርላቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩትና ጠየቁኝ።

«እንግዲህ እዚያ ሆነሽ ታይኛለሽ?»

«አያለሁ አባባ። ሲተኙ፣ ሲነሡ፣ ሲወጡ፣ ሁሉን አውቃለሁ።»

«ብወድቅስ?»

«ወዲያው ስልኬ ይጮሃል። ሰው እልካለሁ።»

«እንዲህ ከሆነ መልካም ነው» አሉ፤ እጅጌያቸውን በሰዓቱ ላይ አወረዱበት።

ደሳለኝ በዚያው «ሲቸግራቸው የሚጫኑት ቁልፍ ብናደርግበትስ?» ብሎኝ ነበር። ሳቅኩበት። «ቁልፍ መጫን ካስፈለጋቸውማ የእኛ ሥራ ምኑ ላይ ነው? ማሽኑ ራሱ ማወቅ አለበት» አልኩት። ደሳለኝ ከእኔ ጋር መከራከር ስለሚደክመው ሴንሰሩን መለጠፉን ቀጠለ።

አንድ ችግር ግን ተፈጠረ። ጋሽ ሙሔ አንዳንድ ቀን ገብተው ይቀመጣሉ፤ ሲስተሙ ደግሞ የተሠራው ለአንድ ሰው ስለሆነ ሁለት ሰው ሲገባበት ግራ ይጋባል። አባቴ አልጋቸው ላይ ሆነው ምድጃው ጋ ቆመዋል ይለኛል። መረጃዬ ተበላሸብኝ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ አጥሩ ጋ ጠራኋቸውና «ጋሽ ሙሔ፣ ከእንግዲህ በየጠዋቱ አይድከሙ። አሁን ማሽኑ ይጠብቃቸዋል። እርስዎ ሲገቡ ደግሞ ሥራው ይበላሽብኛል» አልኳቸው።

«መጣራቱንም ልተወው?» አሉኝ።

«ይተዉት። አባባ ሊመልሱ ሲሉ ይነሣሉ፣ ወደ በሩ ይሄዳሉ፣ ልማዳቸው ይዛባብኛል።»

«እሺ ልጄ፤ አንቺ ካልሽ» አሉ። ወደ ሽመናቸውም ተመለሱ። እኔም መንገድ እየመሸብኝ ነበርና ሄድኩ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ስልኬ ጮኸ። «አባባ ወድቀዋል!» ይላል። ጠመኔውን ወርውሬ ሮጥኩ። ደሳለኝ በመኪናው አንኮበር አደረሰኝ። በሩን በርግጄ ስገባ አባቴ በምሥራቁ ግድግዳ በኩል፣ ሥዕሉ ፊት፣ እየሰገዱ ናቸው። ወድቀው ይነሣሉ፤ ወድቀው ይነሣሉ። ሰዓቱ ይህን ሁሉ መውደቅ ነው የሚለው።

«ምነው ልጄ፣ ሰው ሞተ?» አሉ። ነገሩን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ንገሪያት! መውደቅና መስገድ አንድ አይደለም በያት» አሉኝ፤ ሰዓቷን አንዳንድ ጊዜ እንደ ሰው ይጠሯታል።

ስልኩ ግን አልተወኝም። በስብሰባ መካከል ይጮሃል፤ በፈተና መካከል ይጮሃል። ተማሪዎቹ «መምህርት፣ ቄሱ ጀመሩ» ማለት አመጡ። እኔ ደግሞ መሳቂያ መሆን አልወድም። ተቀምጬ አዲስ ሕግ ጻፍኩ። አባባ በጸሎት ቦታቸው ላይ ካሉ፣ ወቅቱም ጾም ከሆነ፣ ወደ መሬት መውረዳቸው ውድቀት ሳይሆን ስግደት ነው። ቅዳሜና እሑድ ስግደት ስለሌለ በእነዚህ ቀናት ሕጉ አይሠራም። በዚህ እንዴት እንደኮራሁ! ዝቅ ብለው ብዙ ከቆዩ ግን ጩህ የሚል ገደብም አስቀምጬለት ነበር። ችግሩ አባቴ የሙታንን ስም ማንሣት ሲጀምሩ፣ በተለይ እናቴ ጋ ሲደርሱ፣ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ይቆያሉ። በዚያም ይጮህ ጀመር።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ። ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን እንዲህ ያለ ሥራ የሚደግፍ መሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። የሚመጡት ረቡዕ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ እኔና ደሳለኝ ስንዘጋጅ ያንን ገደብ አጠፋሁት።

«ለምን?» አለኝ።

«እንግዶቹ ፊት ቢጮህብንስ? አባባ ለእናቴ ሲጸልዩ ይኼ ‹ወደቁ› ብሎ ቢያዋርደኝስ?»

«ብቻ ኋላ መልሺው።»

«ረቡዕ ማታ እመልሰዋለሁ» አልኩ።

ረቡዕ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። የኮሌጃችን ዲን ክራቫት አስረው ከፊት ተቀምጠዋል። ከእንግዶቹ መካከል ፀጉራቸው የሸበተ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴትዮ ነበሩ፤ ኃላፊዋ እሳቸው ናቸው ተብያለሁ። በትልቁ ስክሪን ላይ የአባቴን ቤት ንድፍ ከፈትኩት። ክፍሎቹ፣ አልጋው፣ ምድጃው፣ በሩ፣ የጸሎት ቦታው ሁሉ ይታያሉ። አንዲት አረንጓዴ ነጥብ በንድፉ ላይ ትንቀሳቀሳለች። ነጥቧ አባቴ ናቸው።

ስናገር ነጥቧ ወደ ጸሎት ቦታው ሄደች። ከሥር ጽሑፍ ወጣ፦ «አባባ እየሰገዱ ነው»።

«ተመልከቱ!» አልኩ። «ሌላ አገር የተሠራ ሲስተም ይህን ሲያይ ሽማግሌው ወደቁ ብሎ አንቡላንስ ይጠራ ነበር። የእኛ ግን ባህላችንን ያውቃል። ጾሙን ያውቃል። ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ያውቃል። አባቴ ስግደት ላይ መሆናቸውን ያውቃል።»

አጨበጨቡ። ዲናችን ወደ ኋላ ዞረው ለእንግዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ስለ ሌላው ሌላው ማስረዳት ቀጠልኩ። ነጥቧ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ ጽሑፉም አልተለወጠም። በመጨረሻ ጥያቄ ሲፈቀድ ሽበታሟ ሴትዮ እጃቸውን አወጡ።

«አባትሽ ሁልጊዜ ይህን ያህል ይሰግዳሉ?» አሉ። «ከጀመርሽ አንሥቶ እዚያው ናቸው።»

«አባቴን ስለማያውቋቸው ነው» አልኩ በፈገግታ። «ከእግዚአብሔር ጋር ጨዋታ ከያዙ ሰዓት የላቸውም።»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ። ሴትዮዋ ብቻ አልሳቁም፤ ስክሪኑን እንደገና አይተው ተቀመጡ። ያን ሳቄን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ብቻዬን መንገድ ስሄድ ትዝ ይለኝና እቆማለሁ።

ከዚያ ምሳ ተጋበዝን። የጾም በያይነቱ ቀርቦ ዲናችን እንጀራውን ለእንግዶቹ እየቆረሱ ያጎርሳሉ። አንዱ እንግዳ «እስቲ ያን ነገር በስልክሽ አሳዪኝ፤ ለባለቤቴ ልንገራት» አለኝ። ደስ ብሎኝ ከፈትኩለት።

«አባባ እየሰገዱ ነው።»

«አሁንም?» አለ ሰውየው፤ ሳቀ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ሰዓቱን አየሁ። ሰባት ሰዓት አልፏል። በጾም ቅዳሴ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አባቴ ስድስት ሰዓት ሲሆን ነጠላቸውን አጣፍተው ከቤት ይወጣሉ። ታመው እንኳ በሰው ተደግፈው ይሄዳሉ፤ ዝናብም ሆነ ጉም አያስቀራቸውም። ቅዳሴ ትተው እቤት የሚሰግዱ ሰው አይደሉም። ይህን ለማሽኑ አልነገርኩትም። እኔም እስከዚያች ደቂቃ አላሰብኩትም ነበር።

እጄን ሳልታጠብ ተነሣሁ። ወደ ውጭ ወጥቼ ደወልኩ። ስልካቸው ይጠራል፤ አይነሣም። ደግሜ ደወልኩ። ጋሽ ሙሔ ጋ ልደውል ብዬ ስም ዝርዝሬን ስፈልግ ቁጥራቸው የለኝም። በየግድግዳው ሴንሰር የለጠፍኩ ሴትዮ፣ የጎረቤታችንን ስልክ ቁጥር አልያዝኩም!

«ደሳለኝ፣ መኪናህን አውጣ!» አልኩ። ፊቴን ሲያይ ቁልፉን አንሥቶ ተከተለኝ።

የበልግ ዝናብ ስለጀመረ ሜዳው ላይ ጉም ወርዶ ነበር። ደሳለኝ መብራት አብርቶ ይነዳል፤ በጎች መንገዱን ሲያቋርጡ ጥሩምባውን ይነፋል። እኔ ዓይኔን ከስልኬ አላነሣም። «አባባ እየሰገዱ ነው። አባባ እየሰገዱ ነው።» ስልኩን ልወረውረው ፈለግኩ፤ ደግሞ ብወረውረው ምን እይዛለሁ?

«ገደቡን መልሰሽዋል?» አለኝ ደሳለኝ መንገዱን እያየ።

«አሁን ምን ያደርጋል?»

«አይ፣ ለማወቅ ነው።»

«ደሳለኝ፣ ዝም በልና ንዳ!» ብዬ ጮኽኩበት። ምስኪን፣ ነዳ።

መንገዱን ካጋመስነው በኋላ ስልኬ ድምፅ አሰማ። ጽሑፉ ተለወጠ። «አባባ ከቤት ወጡ።» ጥቂት ቆየና ደግሞ፦ «አባባ ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ ነው።»

እልል አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ መኪና ውስጥ እልል አልኩ። እየነዳ ያለውን ደሳለኝን አንገቱን አቅፌ ገደል ልከተው ነበር። መኪናውን ዳር አስይዞ መሪው ላይ ግንባሩን ደፋና ትንፋሹን ሰበሰበ። እኔ እያለቀስኩ እስቃለሁ። ለዲናችን ደወልኩና «ምንም የለም፤ አባቴ ደህና ናቸው፣ ቅዳሴ ዘግይተው ነው እንጂ! እንግዶቹን ያቆዩልኝ፣ እየተመለስኩ ነው» አልኳቸው። ደሳለኝ «መጥተን የለ፣ ሄደን ሰላም እንበላቸው» አለ። «እንግዶቹ ይሄዱብኛል፣ ሌላ ቀን እንመጣለን» አልኩት። መኪናውን አዞረ።

ብዙም አልሄድንም፤ ስልኬ ጠራ። ስክሪኑ ላይ «አባባ» ይላል። አነሣሁና የሰላምታ ፋታ እንኳ ሳልሰጥ ጀመርኩ።

«አባባ፣ አስደነገጡኝ እኮ! ምን ቢሰግዱ ነው ዛሬ?»

በወዲያ በኩል ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ የጋሽ ሙሔን ድምፅ ሰማሁ።

«እኔ ነኝ ልጄ። ስልኩን ከቤት አምጥቼው ነው። አትደንግጪ፣ ነፍሳቸው አለች። ጤና ጣቢያ ነን፤ ነይ።»

ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ገብቷችኋል ብዬ አስባለሁ። አባቴ ከቤት አልወጡም፤ የሰፈሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ነው ያወጧቸው። ጤና ጣቢያውና ቤተ ክርስቲያኑ ከቤታችን ወደ አንድ አቅጣጫ ናቸው። ማሽኑ በበሩ ያለፈ ሰው ወጥቷል የሚለውን፣ በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ቅዳሴ ሄዷል የሚለውን፣ እኔ የነገርኩትን ነው መልሶ የነገረኝ። ደሳለኝ ሳልነግረው መኪናውን እንደገና አዞረ።

ጤና ጣቢያው ደጅ የሰፈሩ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ሲያዩኝ መንገድ ለቀቁልኝ። ጋሽ ሙሔ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ልብሳቸው ላይ የሸማ ፈትል ተጣብቋል። ሰላም ልላቸው ስል ቀድመው እጄን ያዙኝ።

«አፉ በይኝ ልጄ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅሯል። «ለቀትሩ ሰላት፣ ለዙህር ስነሣ ቄሴ ሲያልፉ እንዳላየሁ ትዝ አለኝ። ደጃቸው ድረስ መጣሁና ቆምኩ። ልግባ አልግባ ብዬ አመነታሁ። ማሽኑን አበላሽባት ይሆን ብዬ ፈራሁ። ወላሂ፣ እሱን ፈርቼ ነው እዚያ ደጅ የቆምኩት። ቶሎ ብገባ ኖሮ... አፉ በይኝ።»

ይቅርታ የሚጠይቁኝ እሳቸው ናቸው! በሕዝብ ፊት፣ የአባቴ እኩያ፣ እጄን ይዘው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።  እጄን አስለቅቄ ገባሁ።

አባቴ በጠባቧ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ተደራርቦላቸው ተጋድመዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ነርሷ የዳሌ አጥንታቸው ሳይሰበር እንዳልቀረ፣ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ብዙ ስለቆዩ ሰውነታቸው እንደበረደ፣ አንቡላንስ ወደ ደብረ ብርሃን እንደሚወስዳቸው በለሆሳስ ነገረችኝ። ከስግደት ሲነሡ ራሳቸውን አዙሯቸው ነው የወደቁት፤ የጸሎት ቦታቸው ላይ። እኔ በዚያ ሰዓት እያስጨበጨብኩ ነበር።

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። ፊታቸው በራ።

«መጣሽ?»

«መጣሁ አባባ።»

«ብያለሁ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «ስወድቅ አልፈራሁም። ልጄ ታየኛለች አልኩ። ሙሔ ሽመናውን ሲመታ ይሰማኛል፤ ልጣራ ብዬ ደግሞ ምን አስደነግጠዋለሁ አልኩ። አይታኛለች፣ ትልክብኛለች ብዬ ዝም ብዬ ተኛሁ። ከዚያ ብርዱ ሲበረታ ጉልበቴ አለቀ፤ ኋላ ብጣራም ድምፄ አልወጣ አለኝ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አየሽና ሙሔን ላክሽው፤ አይደል?»

ጋሽ ሙሔ ከኋላዬ ቆመው ነበር። እኔ አፌን ከፈትኩ።  አባቴ ይጠብቃሉ።

«አዎ ቄሴ» አሉ ጋሽ ሙሔ። «እሷ ናት የላከችኝ። ደውላልኝ ነው የመጣሁት።»

አባቴ «እግዚአብሔር ይባርክሽ» ብለው ዓይናቸውን ከደኑ።

እኔ ዝም አልኩ። ይህ ነው ሰዎች የማያውቁት ግማሽ። ገደቡን ማጥፋቴን ሁሉም ሰምቷል፤ ደሳለኝ ምስክር ነው። የአባቴን ምርቃት ሰርቄ ዝም ማለቴን ግን ጋሽ ሙሔና እኔ ብቻ ነበርን የምናውቀው። እኒያ ሽማግሌ፣ በጾም፣ በፈሪሃ አላህ የኖሩ ሰው፣ እኔን ከኀፍረት ለማዳን ዋሹልኝ። እኔ ደግሞ ተቀበልኩት።

አባቴ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ገብተው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ጋሽ ሙሔ ሽመናቸውን ትተው ተከትለውን መጡና አልጋው ሥር ነጠላ አንጥፈው ከረሙ። እኔ ከሥራ ስወጣ እየመጣሁ፣ ስልኬ ሲጠራ ወደ ኮሪደር እየወጣሁ እመለስ ነበር።

በሳምንቱ ዲናችን ጠሩኝ። እንግዶቹ ሥራውን ወደውታል፤ ሊደግፉት ነው፤ ለመጨረሻ ውይይት ይመለሳሉ። «የስግደቱን ነገር በጣም ነው ያደነቁት፤ እሱን ደግመሽ አሳዪ» አሉኝ። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ስክሪን ፊት ቆምኩ። ስክሪኑን አልከፈትኩም። አባቴ የወደቁት እናንተ ስታጨበጭቡ ነው አልኳቸው። ገደቡን እንዳጠፋሁት፣ ለምን እንዳጠፋሁት፣ ጎረቤቱን እንዳባረርኩት ነገርኳቸው። ዲናችን ክራቫታቸውን ይነካካሉ። ሽበታሟ ሴትዮ ብቻ ተናገሩ።

«አሁን አባትሽ ጋ ማን አለ?»

«ጎረቤታችን ናቸው ያሉት።»

«አንቺስ?» አሉኝ።

ወረቀቴን ሰብስቤ ከአዳራሹ ወጣሁና ሆስፒታል ሄድኩ። በዚያው ዕለት አባቴን ብቻቸውን አገኘኋቸው፤ ጋሽ ሙሔ ሊሰግዱ መስጊድ ሄደው ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አላየሁዎትም ነበር አልኳቸው። ጋሽ ሙሔንም አልላክኋቸውም አልኳቸው። አባቴ ብርድ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሳቡ።

«አውቃለሁ» አሉ። «ሙሔ ውሸት አይችልበትም። የዚያን ዕለት ሲናገር ጣራ ጣራውን ያይ ነበር።»

«ታዲያ ለምን መረቁኝ?»

«ምን ላድርግ? ልርገምሽ ኖሯል?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲያለቅሱ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቴን ያስለቀስኩት ያኔ ነው፤ በመውደቃቸው አላለቀሱም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በስልካችሁ ላይ የእናታችሁን ወይም የአባታችሁን ነጥብ የምታዩ ካላችሁ፣ መሣሪያውን ጣሉት አልላችሁም። እኔም ሥራዬን አልተውኩትም፤ ይህን ሥራ አሁንም አስተምራለሁ። ግን ሞዴል የሚያውቀው የሠራው ሰው ያስገባበትን ብቻ ነው። እኔ የአባቴን አልጋ፣ በርና ጾም አስገባሁበት፤ የጎረቤታቸውን ድምፅ ግን መረጃ የሚያበላሽ ጫጫታ ነው ብዬ አስወጣሁት። ዛሬ ተማሪዎቼን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ይህን ነው፤ «ምን አስገባችሁ?» ሳይሆን «ማንን አስወጣችሁ?»። ስጠይቃቸው ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ ተማሪዎቹ ለምን እንደሆነ ስለሚያውቁ አንገታቸውን ይደፋሉ። ያም ያሳፍረኛል።

አባቴ አሁን ከእኔ ጋር ደብረ ብርሃን ይኖራሉ። አንኮበርን የተዉት እኔ ስለለመንኳቸው ሳይሆን እግራቸው እምቢ ስላላቸው ነው። ጋሽ ሙሔ ገበያ በመጡ ቁጥር ይጠይቋቸዋል፤ ሁለቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያወሩ እኔ ከወጥ ቤት እሰማለሁ እንጂ አልቀላቀልም።

ዘንድሮ ጾም ሲገባ አባቴ ወንበራቸውን ወደ ምሥራቅ አስዞሩኝና ራሳቸውን ዝቅ እያደረጉ ይጸልዩ ጀመር። መስገድ ለእሳቸው አበቃ። አንድ ጠዋት ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ጉልበት ካለሽ ለእኔ ስገጂልኝ።»

ከስንት ዘመን ወዲህ ሰግጄ አላውቅም። ነጠላ አጣፋሁና ከወንበራቸው አጠገብ ወረድኩ፣ ተነሣሁ፣ ወረድኩ። አንድ ጊዜ ግንባሬ ሲሚንቶውን ሲነካ ቅዝቃዜው እስከ አጥንቴ ተሰማኝ፤ እሳቸው እንዲህ ያለ ወለል ላይ ነው ያን ሁሉ ሰዓት እኔን የጠበቁኝ። መነሣት አቃተኝ። ወዲያው እጃቸው ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«ምነው ልጄ፣ ቆየሽብኝ» አሉኝ። «ተነሺ፤ ደህና ነሽ?»